ሰኞ ፍሎረንስ የገባ ሰው
የጣሊያኗን ከተማ ፍሎረንስን በአንድ ቀን፣ ያውም ሰኞ ለማየት የሚመጣ ሰው ያሳዝናል። የሥዕል ሙዚየሙ ኡፊዚም ሆነ የማይክል አንጀሎ የዳዊት ሐውልት ያለበት አካዳሚያ ሙዚየም ሰኞ ዝግ ናቸው። ከተማው አደባባይ ላይ የቆመው ዳዊት ቅጂ ነው፤ ዋናው ከ1873 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ቤት ውስጥ ነው። ከቅጂው ጋር ፎቶ ተነስቶ «አየሁት» የሚለው ስንቱ ነው!

የካቴድራሉ ጉልላትማ ሌላ ጣጣ ነው። 463 ደረጃ፣ ሊፍት የለ፣ ሰዓት አስቀድሞ ካልተያዘ መውጣት የለ። ሰዓት የያዘውም ሻንጣ አንጠልጥሎ ይመጣና ከበር ይመለሳል። ዕቃ ማስቀመጫው ሌላ ሕንጻ ውስጥ ስለሆነ እዚያ ሲሰለፍ ሰዓቱ ያልፍበታል። ወደ ጫፉ ሲጠጉ ደግሞ መንገዱ በሁለት ግድግዳ መካከል ይጠብባል፤ ትከሻ ድንጋይ እየታከከ፣ ከፊት ያለው ትንፋሽ አጥሮት ሲቆም የኋላው ሁሉ ይቆማል።