ድምፄ የት ገባ?

ሁለቱም የባሕር ዳር ሰዎች ናቸው። እሷ ግሽ ዓባይ አካባቢ የሥነ ዜጋ መምህርት ናት። እሳቸው ዘጌ ላይ ቡና ያመርታሉ። የተከራከሩበት ጥያቄ አንድ ነው፦ የሕዝብ ተወካዮችን እስካሁን እንዳደረግነው በአብላጫ ድምፅ እንምረጥ ወይስ በተመጣጣኝ ውክልና፣ ማለትም ፓርቲዎች ባገኙት ድምፅ ልክ ወንበር በሚከፋፈሉበት ዘዴ?

መምህርቷ

በቅርቡ የክፍል አለቃ አስመረጥኩ። ተማሪዎቼ 60 ናቸው፤ ሦስት ልጆች ተወዳደሩ። ድምፁን ሰሌዳ ላይ በጠመኔ እየጫርን ቆጠርን፦ 24፣ 19፣ 17። ባለ 24ቱ አለፈ፤ ተጨበጨበ። ከኋላ አንዲት ልጅ እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ 36ታችን እኮ አልመረጥነውም» አለችኝ። ምን ልበላት?

የእኛም አገር ምርጫ እንደዚሁ ነው። በምርጫ ክልሉ አንደኛ የወጣ ያልፋል፤ ከግማሽ በላይ ማግኘት አይጠበቅበትም። የሌላው ድምፅ ኮሮጆ ውስጥ ገብቶ እዚያው ይቀራል። በ1997 ዓ.ም. ተቃዋሚው ቅንጅት አዲስ አበባ ላይ 23ቱንም የፓርላማ ወንበሮች ወሰደ። ኢሕአዴግን የመረጠው አዲስ አበቤ አንድም አልደረሰውም። በ2007 ዓ.ም. ደግሞ 547ቱም ወንበር የኢሕአዴግና የአጋሮቹ ሆነ። ዛሬ የጠቀመህ ነገ ይጎዳሃል።

የደቡባዊ አፍሪካዋን አገር ሌሴቶን እዩ። እ.ኤ.አ. በ1998 አንድ ፓርቲ 60 በመቶ ገደማ ድምፅ አግኝቶ ከ80 ወንበር 79ኙን ያዘ። ተሸናፊዎቹ አደባባይ ወጡ፤ የዋና ከተማዋ የማሴሩ መሀል ተቃጠለ። ድምፁ ወንበር ያጣ ሰው ሌላ መንገድ መፈለጉ አይቀርም። እኔን የሚያስፈራኝ ይሄ ነው።

የዘጌው አባት

ልጄ፣ ያቺ ተማሪሽ እውነቷን ነው። ግን ጠመኔ ሲያልቅ ልጆቹ ማን ላይ እንደሚጮሁ ያውቃሉ። እኔም ማወቅ የምፈልገው እሱን ነው።

የ2007ቱን ደግሞ በቆጠራው ዘዴ ብቻ አታሳብቢ። ሜዳው ካልተስተካከለ የትኛውም ዘዴ አያድነንም።

አንድ ጊዜ አንድ ተወዳዳሪ በጀልባ መጣ። የምንወርድበት ድንጋይ ፈርሶ ስለነበር ሴቶቻችን ቡናቸውን በጆንያ ተሸክመው እስከ ጉልበታቸው ውሃ ይገቡ ነበር። አሳየነው። «አሠራዋለሁ» አለ፤ ተመረጠ። ዓመት ሙሉ ዝም። ሰርግ ላይ አገኘሁትና በሰው ፊት ጠየቅኩት። እጁ እንጀራው ላይ ቀረ። ክረምቱ እንዳለፈ መውረጃው ተሠራ።

ምርጫው በፓርቲ ዝርዝር ቢሆን፣ እኔ ፓርቲ መርጬ ሰዎቹን ፓርቲው ቢደረድር፣ ሰርግ ላይ ማንን እይዛለሁ? ፎገራና ደምቢያ ላይ እንቦጭ ዳርቻውን ሲወርር ዓሣ አስጋሪው የማንን በር ያንኳኳ? ደቡብ አፍሪካ 400 የምክር ቤት ወንበር አላት። እ.ኤ.አ. ከ1994 ጀምሮ ለ30 ዓመት ያህል መራጩ ድምፁን የሚሰጠው ለፓርቲ ብቻ ነበር። የግል ተወዳዳሪ የተፈቀደለት በ2024 ነው። ቤልጂየም ደግሞ ፓርቲዎቹ አልስማማ ብለው 541 ቀን ያለ አዲስ መንግሥት ቆይታለች። ያንን እኛ እንችለዋለን?

መምህርቷ

ጋሼ፣ ሰውዎን አልነጥቅዎትም። ጀርመንና ኒውዚላንድ መራጩ ሁለት ድምፅ አለው፤ አንዱ ለአካባቢው ሰው፣ አንዱ ለፓርቲ። ሌሴቶም ከዚያ ሁከት በኋላ ያደረገችው እሱን ነው። 80ዎቹን እንዳሉ ትታ 40 ማካካሻ ወንበር ጨመረች፤ ከድምፃቸው ያነሰ ወንበር ለደረሳቸው ፓርቲዎች የሚሰጥ። እ.ኤ.አ. በ2002 ምርጫ ዋናው ተቃዋሚ ፓርቲ ከማካካሻው 21 ወንበር አገኘ። አደባባይ የነበረው ክርክር ምክር ቤት ገባ ማለት ነው።

የዘጌው አባት

ዝርዝሩን የሚጽፈው ማነው? የፓርቲው አለቃ ቢሮ ዘግቶ ዘመዶቹን ቢደረድርስ?

መምህርቷ

ለሱም መላ አለው። ፊንላንድ መራጩ ወረቀቱ ላይ የሚጽፈው የዕጩውን ቁጥር ነው። ከፓርቲው ማን ይግባ የሚለውን ሕዝቡ ይወስናል።

የዘጌው አባት

ይሁን። ሕገ መንግሥቱ ግን የምክር ቤቱ አባላት ከ550 አይበልጡም ይላል። 547ቱ ተይዘዋል። ማካካሻውን ከየት ታመጪዋለሽ? ምርጫ ክልሎችን አስፍተሽ ከሆነ፣ የኔ ሰው ሰርጌ ላይ አይገኝም። ሩቅ ነዋ!

መምህርቷ

አንቀጽ 54 መነካቱ አይቀርም። «በአብላጫ ድምፅ» የሚለውም እዚያው ነው የተጻፈው። ከተሻሻለ አብሮ ቁጥሩም ይጨመር።

የዘጌው አባት

እንግዲያው ጨምሪ፤ ሁለተኛዋንም ወረቀት እሞላለሁ። ካሉት ወንበሮች ግን አንዲትም እንዳትነኪብኝ።