የመማሪያ መጻሕፍትን ተነባቢነት በቀመር መለካት ለተማሪው ይበጃልን?

ለክርክር የቀረበው ሐሳብ የሚከተለው ነው፦ «የሁለተኛ ደረጃ መማሪያ መጻሕፍት በየትኛውም ቋንቋ ቢዘጋጁ ለኅትመት ከመብቃታቸው በፊት ተነባቢነታቸው፣ ማለትም ለማንበብና ለመረዳት ምን ያህል ቀላል እንደሆኑ፣ በቀመር ሊለካ ይገባል።» ሐሳቡን የሚደግፉት የመማሪያ መጻሕፍት አርታኢ ሲሆኑ የሚቃወሙት የኬሚስትሪ መምህርት ናቸው።

አርታኢው፦ በ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ከወጣ ወዲህ አንደኛ ደረጃን በአፍ መፍቻ ቋንቋው የተማረ ልጅ ሁለተኛ ደረጃ ሲገባ ፊዚክሱንም ታሪኩንም የሚያነበው በእንግሊዝኛ ነው። መጽሐፉ ከዚህ ልጅ የንባብ አቅም በላይ መሆኑን የምንረዳው ግን አብዛኛውን ጊዜ መጽሐፉ ታትሞና ተሠራጭቶ፣ ልጁም በፈተና ከወደቀ በኋላ ነው። ከዚያ በፊት የሚያስጠነቅቅ መለኪያ ይኑረን ነው የምለው። መለኪያው ደግሞ አዲስ ነገር አይደለም። ሩዶልፍ ፍሌሽ በ1948 እ.ኤ.አ. ያወጡት ቀመር የሚጠይቀው የዐረፍተ ነገሮችን አማካይ ርዝመትና በአንድ ቃል ውስጥ የሚገኙትን ክፍለ ቃላት፣ ማለትም እያንዳንዳቸው አንድ አናባቢ የያዙ የድምፅ ክፍሎችን፣ አማካይ ብዛት ብቻ ነው፤ በ1975 እ.ኤ.አ. ለአሜሪካ ባሕር ኃይል ሲሻሻል ውጤቱ በክፍል ደረጃ እንዲነገር ተደረገ። ኤድዋርድ ፍራይ ደግሞ የጽሑፍን የክፍል ደረጃ የሚያሳየውን ግራፋቸውን መጀመሪያ የነደፉት እዚሁ አህጉራችን ውስጥ፣ በኡጋንዳ፣ እንግሊዝኛን ለሁለተኛ ቋንቋ ተማሪዎች ለሚያስተምሩ መምህራን ነበር። ከመጽሐፉ መጀመሪያ፣ መካከልና መጨረሻ መቶ መቶ ቃል ወስዶ መቁጠር ነው፤ እርሳስና ወረቀት ይበቃል። ዐረፍተ ነገሮቹ በአማካይ 25 ቃል፣ ቃላቱም በአማካይ 1.8 ክፍለ ቃል ያላቸው ገጽ በ1975ቱ ቀመር ሲሰላ 15.4 ይሆናል፤ በአሜሪካ የትምህርት እርከን የዩኒቨርሲቲ ሦስተኛ ዓመት ንባብ ማለት ነው። እንዲህ ያለ ገጽ በ9ኛ ክፍል መጽሐፍ ውስጥ ሲገኝ ማንም አርታኢ እንዳላየ ሊያልፈው አይገባም።

መምህርቷ፦ ስሌትዎ ትክክል ነው። እስኪ ያንኑ ገጽ ይውሰዱና ከቃላቱ አንዱንም ሳይነኩ ዐረፍተ ነገሮቹን ብቻ ቆራርጠው በአማካይ 12 ቃል ያድርጓቸው። ውጤቱ ከ15.4 ወደ 10.3 ይወርዳል፤ ተማሪው ግን ቀድሞ ከማያውቃቸው ቃላት አንዱም አልቀነሰለትም። ጉዳቱ በዚህም አያበቃም። «ጋዙ ሲሞቅ ቅንጣቶቹ በፍጥነት ስለሚንቀሳቀሱ የዕቃውን ግድግዳ ቶሎ ቶሎና በኃይል ይመታሉ፤ በዚህም ምክንያት ግፊቱ ይጨምራል» የሚለውን «ጋዙ ይሞቃል። ቅንጣቶቹ በፍጥነት ይንቀሳቀሳሉ። ግድግዳውን ይመታሉ። ግፊቱ ይጨምራል» ብንለው ቀመሩ ይደሰታል። ተማሪው ግን የተረከበው ተራ በተራ የሚሸመደዱ አራት እውነታዎችን ነው፤ አንዱ የሌላው ምክንያት መሆኑን የሚያሳዩት «ሲ»፣ «ስለ» እና «በዚህም ምክንያት» ጠፍተዋል። ግፊቱ ለምን እንደጨመረ ሲጠየቅ ዝም ቢል ጥፋቱ የእሱ አይደለም። በሌላ በኩል በኬሚስትሪ የቅንጣቶች ብዛት የሚለካበት «ሞል» በእንግሊዝኛ አንድ ክፍለ ቃል ብቻ ስለሆነ በቀመሩ ዓይን እጅግ ቀላል ቃል ነው፤ «ቴሌቪዥን» ደግሞ አራት ክፍለ ቃል ስላለው ከባድ ነው። እኔ ግን ቴሌቪዥን ምን እንደሆነ የሚጠይቀኝ ተማሪ ገጥሞኝ አያውቅም፤ ሞልን ለማስረዳት የሚፈጀውን ጊዜ ኬሚስትሪ ያስተማረ ሁሉ ያውቀዋል።

ሐሳቡ «በየትኛውም ቋንቋ» ስለሚል ስለ አማርኛም ልናገር። «ስላልነገርናቸው» የሚለው አንድ ቃል ምክንያትን፣ አሉታን፣ ድርጊትን፣ አድራጊንና ተደራጊን በአንድነት ይዟል፤ በእንግሊዝኛ ቢያንስ አምስት ቃል ይፈልጋል። ስለዚህ አሥር ቃል ያለው የአማርኛ ዐረፍተ ነገር አጭር ነው ማለት አይቻልም። ክፍለ ቃልን ከጽሑፉ ላይ ቆጥሮ ማውጣትም አስቸጋሪ ነው፤ ሳድሱ ፊደል አንዳንድ ጊዜ አናባቢ ይኖረዋል፣ አንዳንድ ጊዜ አይኖረውም፣ ጽሕፈታችንም ሁለቱን አይለይም። ቀመሩ የዐረፍተ ነገሩን ርዝመትና የክፍለ ቃሉን ብዛት የሚያባዛበትን፣ ለእንግሊዝኛ የተሠራን የማባዣ ቁጥር እንዳለ ወስደን አማርኛን ብንለካበት የምናገኘው ውጤት ምንም አይነግረንም።

አርታኢው፦ በአማርኛው ረገድ ያነሱት ተገቢ ነው፤ የራሳችን ማባዣ በራሳችን ተማሪዎች ላይ ተፈትሾ መውጣት አለበት። ዐረፍተ ነገር እየቆራረጡ ነጥብ ማስተካከልንም አልደግፍም። ቁጥሩ የሚያስፈልገኝ የትኛውን ገጽ ደግሜ ማንበብ እንዳለብኝ እንዲጠቁመኝ ነው። መጽሐፉ በመቶዎች የሚቆጠሩ ገጾች አሉት፤ ጊዜውም ገንዘቡም ውስን ነው። እርስዎ በቀመሩ ምትክ የሚያቀርቡት ምንድን ነው? ዊልሰን ቴይለር በ1953 እ.ኤ.አ. ያስተዋወቁት፣ ከጽሑፉ በየአምስተኛው ቃል አውጥቶ ተማሪው እንዲሞላ የሚያደርገው የክሎዝ ፈተና ከሆነ እሱም ያው ችግር አለበት። ባዶው ቦታ «ስላልነገርናቸው» የሚል ቢሆንና ተማሪው «ስላልነገሯቸው» ብሎ ቢሞላ ተሳስቷል ልንል ነው?

መምህርቷ፦ አዎን፣ የማቀርበው እሱን ነው። ላነሱት ጥያቄም መልስ አለኝ፤ እንዲህ ያለው ስሕተት ከየትኛውም ቁጥር የበለጠ ይነግረኛል። «ስላልነገሯቸው» ብሎ የሞላ ተማሪ ምክንያቱንም አሉታውንም ተረድቷል፤ የሳተው ባለቤቱን ነው። ስለዚህ እዚያ ቦታ ላይ አድራጊው ማን እንደሆነ ጽሑፉ በግልጽ አላሳየም ማለት ነው፤ አርታኢው የሚያርመውን ነገር በእጁ ያገኛል ማለት ነው። 15.4 የሚለው ቁጥር ግን ምን መታረም እንዳለበት አይናገርም። ስለ ገንዘቡ ከሆነ መጽሐፉን በሙሉ መፈተን አያስፈልግም፤ ከየምዕራፉ አንድ ገጽ ተወስዶ በአንድ የከተማና በአንድ የገጠር ትምህርት ቤት፣ አንድ አንድ ክፍል ተማሪዎች በአንድ የትምህርት ክፍለ ጊዜ ሊሞሉት ይችላሉ፤ የተማሪዎቹን መልስ መምህሩ ያርመዋል። የከተማው ልጅ ሞልቶት የገጠሩ ልጅ ባዶ የተወው ቦታ ካለ፣ ያ ገጽ ቀመሩ የቱንም ያህል ዝቅተኛ ቁጥር ቢሰጠው ወደ ጸሐፊው መመለስ አለበት።