የላብ አልማዝ

ባለፈው እሁድ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ አክስቴ እትዬ አልማዝ ቤት ቡና ተፈልቶ ነበር። ታናሽ እህቴ ቀለበት ካሰረች ሳምንቷ ነው። ገና ጫማዋን ሳታወልቅ እትዬ አልማዝ እጇን ያዟት። ወደ መስኮቱ አዞሯት። ከንፈራቸውን መጠጡ።

«ይሄ የላብ ነው አይደል?» አሉ። ላብራቶሪ ውስጥ የተሠራ አልማዝ ለማለት ነው።

እንዲህ ያለ ዓይን ዝም ተብሎ አይታለፍም። ጂአይኤ የሚባለው የአልማዝ መርማሪ ተቋም የላብራቶሪውን ከተፈጥሮው ለመለየት ማሽን ያስፈልገዋል። የሠለጠነ ባለሙያ እንኳ በአጉሊ መነጽር ብቻ አይቶ አይፈርድም። ሁለቱም ካርቦን ናቸዋ! አንዱን ምድር 150 ኪሎ ሜትር ያህል ጥልቀት ውስጥ፣ ከቢሊዮን ዓመት በፊት አበሰለችው። ሌላውን ማሽን በግፊትና በሙቀት አምቆ፣ ወይም ከሚቴን ጋዝ ካርቦን እየደራረበ በሳምንታት አደረሰው። እትዬ አልማዝ ግን አቦሉ ሳይቀዳ ለዩት።

በኋላ እንደሰማሁት እሳቸውም መሣሪያ አላቸው። «ስንት ገዛው?» ይባላል። ቅዳሜ ማታ በስልክ እናቴ ላይ ሞክረውታል። እናቴም ሳታስበው ከ1,000 ዶላር በታች መሆኑን ተናግራለች። ድንጋዩ የደበዘዘው ያኔ ነው፣ ገና ሳይታይ። የእህቴ እጮኛ ብልጥ ቢሆን 6,000 ብሎ ዝም ይል ነበር፤ ቀለበቱም እስከ ባልቲሞር ያበራ ነበር።

በዚህ እትዬ አልማዝን ብቻ ማመስገን ግፍ ይሆናል። ዓይናችንን ያሠለጠኑልን አሉ። በ1947 ፍራንሲስ ጌሬቲ የምትባል የማስታወቂያ ጸሐፊ ዲ ቢርስ ለሚባለው የአልማዝ ኩባንያ «አልማዝ ዘላለማዊ ነው» የሚለውን መፈክር ጻፈች። እሷ ራሷ ዕድሜዋን ሙሉ አላገባችም። ሌላው ግን ያለዚያ ድንጋይ የተጠየቀች ሴት ያልተጠየቀች ያህል እስኪመስለው ድረስ ተማረ። እኛ ደግሞ ጎበዝ ተማሪዎች ነን። አያቶቻችን በወርቅ ቀለበት፣ ከዚያም ባነሰ ተጋብተው ሰባት ስምንት ልጅ አሳድገዋል። አሜሪካ ገብተን አሥር ዓመት ሳይሞላን «ስንት ካራት?» እያልን የድንጋይ ክብደት የምንጠይቅ ሊቃውንት ወጣን።

ስሙ ላይ ግን ጥያቄ አለኝ። ሴራሊዮን ኮኖ ውስጥ ወገቡ ድረስ ውኃ ገብቶ ጠጠር በወንፊት ሲያጥብ የሚውል ሰው አለ። ላቡ የእሱ ነው። ደምም የፈሰሰበት ጊዜ ነበር፤ የኪምበርሊ ሂደት የሚባለው የምስክር ወረቀት በ2003 ሥራ የጀመረው ለዚያ ነው። «የላብ አልማዝ» የሚለውን ስም ግን ማላብ ለማያውቅ ማሽን ሰጠነው። ሰምና ወርቅ የለመደ ሕዝብ ይቺን እንዴት እንዳለፋት እንጃ።

ዲ ቢርስም ቢሆን ምስጋና አይነፈገውም። በ2018 ራሱ ላይትቦክስ በሚል ስም የላብራቶሪ አልማዝ አወጣ። ካራቱን 800 ዶላር። ለጨዋታ ነው እንጂ ለቀለበት አይደለም አለን። በ2025 ደግሞ ላይትቦክስን እንደሚዘጋ አስታወቀ። ጨዋታው አልጣፈጠውም መሰለኝ።

የወዲያኛው ወገንም አለ። አንድ ጓደኛዬ የላብራቶሪውን የገዛው ለተፈጥሮ ሲያስብ ነው አሉ። አስቦ አስቦ አራት ካራት ላይ ደረሰ። ሚስቱ ጓንት ማድረግ አቅቷታል።

ወደ ቡናው ልመለስ። እትዬ አልማዝ የተወለዱት ሆስፒታል ነው፣ በሐኪም እጅ። እስከ ዛሬ «የተፈጥሮ አልማዝ ነዎት ወይ?» ያላቸው የለም። ይህንን ልናገር አፌን ስከፍት እናቴ ገላመጠችኝና ዋጥኩት።

በረካው ሲቀዳ የወንድሜ ልጅ ከኪሱ የአልማዝ መመርመሪያ ብዕር አወጣ። ሙቀት በድንጋዩ ውስጥ እንዴት እንደሚያልፍ ይለካል፤ አልማዝ ከሆነ ይጮኻል። የእህቴን ነካ። ጮኸ። ቤቱ ፀጥ አለ። የእትዬ አልማዝን ነካ፤ ባለቤታቸው ከ20 ዓመት በፊት በብድር የገዙትን። ጮኸ። ያው ድምፅ ነው፣ አንድ ፍሬ ልዩነት የለውም።

እትዬ አልማዝ ብዕሩን ተቀብለው ወደ መስኮቱ ወሰዱት። አገላብጠው አዩት።

«ይሄ ራሱ የላብ ነው» አሉ።