የኩባን ዘፈን አጋማሹ ላይ አትቁረጡት

በሳልሳ ምሽቶች አንድ ልማድ ሰፍኗል። ዲጄው የኩባ ባንድ ዘፈን ይከፍታል፤ ዘፋኙ ግጥሙን ጨርሶ አዝማቹ እንደተጀመረ፣ አራተኛው ደቂቃ ገደማ ላይ ድምፁን ቀስ አድርጎ ያወርድና ሌላ ይተካል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ዘፈኑ ሰባትና ስምንት ደቂቃ ይፈጃል፤ ከአጋማሹ በኋላም ምቱ ስለሚለዋወጥ ብዙ ጥንዶች መሀል ሜዳ ላይ ይደናገራሉ። ቢሆንም ይህ ሙሽራዋ ሳትገባ ድንኳን እንደ ማፍረስ ነው። ቲምባ የሚባለው ዘመናዊው የኩባ ዳንስ ሙዚቃ መጀመሪያውን የሚሠራው ለመጨረሻው ሲል ነው።

አሠራሩን ልብ ብለን እንስማ። ትራምፔትና ትሮምቦኖቹ ይከፍታሉ፤ ዘፋኙ ረጋ ብሎ ጉዳዩን ይናገራል። ከዚያ አዝማቹ ይመጣል፦ ተቀባዮቹ አንድ ሐረግ ይይዛሉ፣ አውጪው በየመሀሉ እየፈጠረ ይጨምራል። እዚህ ጋ ነው ብዙዎች ዘፈኑ ያለቀ የሚመስላቸው። ነገር ግን አዝማቹ አንድ ብቻ አይደለም። ሁለተኛው ይመጣል፣ ከመጀመሪያው ያጠረ፤ ሦስተኛው ደግሞ ከሁለተኛው ያጠረ፣ አንዳንዴም ሁለት ቃል ብቻ። ሐረጉ ባጠረ ቁጥር አውጪና ተቀባዩ እየተቀራረቡ ይሄዳሉ፣ ነፋሾቹም በየመሀሉ አዲስ ነገር ይዘው ይገባሉ። አዳራሹ የሚናወጠው ያኔ ነው።

ይህ በአንድ ጀምበር የመጣ አይደለም። ቤዝ ተጫዋቹ ሁዋን ፎርሜል በኤሊዮ ሬቬ ባንድ ከሠራ በኋላ በታኅሣሥ 1969 እ.ኤ.አ. ሎስ ቫን ቫን የተባለውን ባንድ አቋቋመ። የቀድሞው የቻራንጋ ባንድ ዋሽንትና ቫዮሊን ይዞ በጨዋ ደንብ የሚጫወት ነበር። ፎርሜል ያንን አላፈረሰም፤ የኤሌክትሪክ ቤዝ ጊታርና ድራም ጨመረበት፣ በኋላም ትሮምቦኖች አከለበት። በ1970 የገባው ከበሮ መቺ ሆሴ ሉዊስ ኪንታና፣ በቅጽል ስሙ ቻንጊቶ፣ ድራሙን፣ ቲምባሌስ የሚባሉትን ጥንድ ከበሮዎች፣ ደወሉንና የሚመታውን እንጨት በአንድ ሰው እጅና እግር ሥር ሰበሰባቸው። ሶንጎ የተባለው ስልት ከዚህ ወጣ። የእግር ከበሮው እንደ ሮክ "አንድ" ላይ አይወድቅም፤ ከቤዙ ጋር እየተነጋገረ በምቶቹ መሀል ይገባል። ፎርሜል በ2014 ቢያርፍም ባንዱን ዛሬ የሚመራው ልጁ ሳሙኤል ነው፤ እሱም ከበሮ መቺ ነው።

በ1988 ዋሽንት ነፊው ሆሴ ሉዊስ ኮርቴስ ኤን ጂ ላ ባንዳን መሠረተ። ኮርቴስ በሎስ ቫን ቫንም፣ ኢራኬሬ በተባለው በቹቾ ቫልዴስ የጃዝ ባንድም ያለፈ ሰው ነው፤ ከአንዱ የሕዝቡን ዳንስ፣ ከሌላው የጃዙን ትምህርት ይዞ መጣ። ነፋሾቹ "አስፈሪዎቹ" እስከ መባል ደረሱ፤ ለሶሎ እንኳ የሚከብድ ፈጣን ዜማ አራት አምስት ሆነው እንደ አንድ ሰው ይነፉታል። ቲምባ መልኩን የያዘው በዚህ ባንድ ነው ብል አልተሳሳትኩም። ሶቪየት ኅብረት ፈርሳ ኩባ በችጋር ስትመታ፣ በ1990ዎቹ፣ የዴቪድ ካልሳዶ ባንድ ቻራንጋ ሃባኔራ ከሁሉም በላይ ጎልቶ ወጣ። በ1997 በዓለም ወጣቶች ፌስቲቫል ላይ ባቀረበው ትርኢት "ልቅ ሆነ" ተብሎ ለስድስት ወር ታገደ፤ በማግስቱ ዓመት ብዙዎቹ ተጫዋቾች ወጥተው ሌላ ባንድ አቋቋሙ።

በዚያው በ1997 ቡዌና ቪስታ ሶሻል ክለብ የተባለው የአንጋፋ ኩባውያን ሙዚቀኞች አልበም ወጣ። ያ አልበም ውብ ነው፤ ሽማግሌዎቹም የሚገባቸውን ክብር አገኙ። ነገር ግን የተጫወቱት በአብዛኛው የወጣትነታቸውን ዘመን ሙዚቃ ነበር። ዓለም "ኩባ ይህ ነው" ብሎ ሲቀመጥ፣ የሃቫና ወጣት በላ ትሮፒካል ሜዳ የሚጨፍረው ለሌላ ነገር ነበር። ኢስላ ዴ ላ ሁቬንቱድ በተባለችው ደሴት የተማሩ በሺህ የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ይህን ያውቃሉ። እነሱ ኩባ በነበሩበት ጊዜ አገሩን ያስጨፍር የነበረው ሎስ ቫን ቫን ነው።

ወደ መደናገሩ ልመለስ፣ ምክንያቱም መፍትሔ አለው። አንዱን ዙር፣ ማለትም የዳንሱን ስምንት ቆጠራ፣ በ16 እኩል ቦታ ክፈሉት። 1፣ 4፣ 7፣ 11 እና 13ኛው ላይ አጨብጭቡ፤ ይህ የሶን፣ ማለትም የቀድሞው የኩባ ዳንስ ሙዚቃ፣ ክላቬ ነው፤ ክላቬ ሙዚቃው ሁሉ የሚቆምበት የምት ቅርጽ ነው። ሦስተኛውን ጭብጨባ ከ7 ወደ 8 ብታዘገዩት የሩምባ ክላቬ ይሆናል፤ ቲምባ በብዛት የሚሄደው በዚህ ነው። በካሲኖ፣ ማለትም ኩባውያን በሚጨፍሩት ስልት፣ "አንድ ሁለት ሦስት፣ አምስት ስድስት ሰባት" ብላችሁ ስትረግጡ እግራችሁ ከጭብጨባው ጋር የሚገናኘው ሦስት ቦታ ላይ ብቻ ነው፦ አንድ፣ ስድስትና ሰባት ላይ። ሌሎቹ ሁለት ጭብጨባዎች በእርምጃዎቹ መሀል ይወድቃሉ። እጅ ለብቻው እስኪለምድ ድረስ ቁጭ ብሎ እያጨበጨቡ መቁጠር ይሻላል።

ብዙው ሰው የሚስተው ቤዙን ስለሚከተል ነው። የኩባ ቤዝ "አንድ"ን አይመታም፤ ከ"ሁለት" ቀጥሎ ባለው ግማሽ ላይና "አራት" ላይ ይመታና ቀጣዩን አራት ቆጠራ ቀድሞ ይይዛል። በተለመደው አካሄድ ጆሮ ይህን ይለምደዋል። ቲምባ ውስጥ ግን ባንዱ ማርሽ ይቀይራል። ፕሬሲዮን በሚሉት ቤዙና ኮንጋ የተባለው የእጅ ከበሮ ያፈገፍጋሉ፣ ፒያኖውና ደወሉ ይቀራሉ። ቦምባ በሚሉት ደግሞ ቤዝ ተጫዋቹ ክሩን በመዳፉ እየመታ ጣቱን ያንሸራትታል፣ ከበሮው ይከብዳል። ቤዝ ተከትሎ የቆጠረ ያኔ ይጠፋል። ደወሉን ያዙ፤ ሁሉም ሲቀየር ዋናውን ምት ይዞ የሚቆየው እሱ ነው።

ቦምባ ላይ ደግሞ ጥንዶቹ እንደ ተጣበቁ መዞር አያስፈልጋቸውም። ለውጡ ሳይነገር አይመጣም፤ ወይ ሁሉም አንድ ላይ ቀጥ ይላሉ፣ ወይ ቲምባሌሱ አጠር ያለ ሐረግ ይመታል። ያን ስትሰሙ እጅ ልቀቁ፤ ኩባውያን ዴስፔሎቴ የሚሉት የወገብና የትከሻ ጨዋታ የሚጀምረው እዚህ ነው። ጉልበት ላላ ይበል፣ እግር ከቦታው አይራቅ። ቤዙ ወደ ቀድሞ አካሄዱ ሲመለስ ከ"አንድ" ላይ እጅ ትያያዛላችሁ። የኒውዮርኩን የሳልሳ ስልት የተማሩ ጥንዶች በመስመር ያጠኑትን ቅንብር ሳያቋርጡ መቀጠላቸው ነው ቲምባን "የማይጨፈርበት" ያስባለው።

ለዲጄዎች ያለኝ ሐሳብ ይህ ነው። ምሽቱን በቻራንጋ ሃባኔራ አትክፈቱ። አካሄዱ ወደ ሶን ከሚጠጋውና ብዙ ከማይገለባበጠው ከአዳልቤርቶ አልቫሬስ ጀምሩ፤ ቀጥሎ ሎስ ቫን ቫን፣ ከዚያ የትራምፔተኛው አሌክሳንደር አብሬው ባንድ ሃቫና ዲ ፕሪሜራ። ሜዳው ሲሞቅ የ1990ዎቹን ቻራንጋ አምጡ። ሌላውን ማሳጠር ካስፈለገ የሚቆረጠው መግቢያው ይሁን፤ ከሁለተኛው አዝማች በኋላ ያለውን ግን እስከ መጨረሻው ምት አትንኩት።