«ሐሰን» እና «ሀሰን»፦ ፕሮግራሚንግ ሥራ የሚያስገኘው የት ነው?

ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ ከኢንፎርሜሽን ሲስተምስ ተመራቂዎች ጋር ቡና በጠጣሁ ቁጥር «ፓይተን የተባለውን የፕሮግራሚንግ ቋንቋ ብማር ሥራ አገኛለሁ?» የሚል ጥያቄ አይቀርልኝም። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. «አምስት ሚሊዮን ኮደሮች» (ኮድ ጸሐፊዎች) የተባለው የመንግሥት የነጻ ሥልጠና ከተጀመረ ወዲህ ደግሞ ጥያቄው በዝቷል። መልሴ «ታገኛለህ፤ በፕሮግራመርነት ግን አይደለም» የሚል ነው።

የሶፍትዌር ድርጅቶች በአብዛኛው ያሉት አዲስ አበባ ነው። ወሎ ላይ የሚቀጥረው ባንኩ፣ የኮምቦልቻ ፋብሪካ፣ መንግሥት መሥሪያ ቤትና የጅምላ ነጋዴው ሲሆን፣ የሚለጥፉት ማስታወቂያም የሒሳብ ወይም የንብረት ክፍል ሠራተኛ ይፈልጋል እንጂ ኮድ ጸሐፊ አይፈልግም።

ደሴ ፒያሳ አካባቢ አንድ የቆርቆሮና የሲሚንቶ አከፋፋይ ዘንድ ያየሁት ነገር ሐሳቤን ያስረዳልኛል። የዱቤ መዝገቡን በየዓመቱ የተለያዩ ጸሐፊዎች ኤክሴል ላይ ሲያስገቡት አንዱ «ሐሰን»፣ ሌላው «ሀሰን» እያለ ጽፎ ስለነበር፣ ለጆሮ አንድ የሆነው ደንበኛ ለኮምፒዩተሩ ሁለት ሰው ሆኖ ዕዳው ለሁለት ተከፋፍሏል። በዚያ ላይ ደብተሩ በኢትዮጵያ፣ የባንኩ መግለጫ በፈረንጅ አቆጣጠር በመሆኑ የጳጉሜን ክፍያዎች የትም አይገጥሙም። በሒሳብ ሠራተኝነት የተቀጠረች ወጣት በሁለት ምሽት በጻፈችው አጭር የፓይተን ኮድ «ሀ»፣ «ሐ» እና «ኀ»ን፣ «ሰ» እና «ሠ»ን አንድ አድርጋ፣ ቀኖቹንም ቀይራ የተከፈለውንና ያልተከፈለውን ጎን ለጎን አስቀመጠችው። ይሁን እንጂ ኮዱ «አንድ ናቸው» ያላቸውን ስሞች እንዳለ አልተቀበለችም፤ ወሎ ውስጥ ሰይድ መሐመድ የሚባለው ስንት ነው? ከነባሩ ጸሐፊ ጋር ቁጭ ብላ በአያት ስምና በስልክ ቁጥር እያመሳከረች ነው ያዋሐደቻቸው። ፕሮግራሚንግ ብቻ የሚያውቅ ሰው የሁለት ሰው ዕዳ በአንዱ ላይ ይጭን ነበር።

ዩኒቨርሲቲዎቻችን በሲፕላስፕላስና በጃቫ የሚያሠሩት መልመጃ ከዚህ ዓይነቱ ሥራ የራቀ ነው፤ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሰጠው የመውጫ ፈተናም ምርጫ ያስመርጣል እንጂ መዝገብ አያስፈታም። በእኔ እምነት የቢዝነስ ተማሪ ሒሳብ አያያዝንና ኤክሴልን በደንብ ከያዘ በኋላ መረጃ ቋትን ለመጠየቅ ወደሚያገለግለው ቋንቋ ወደ ኤስኪውኤል ቢያልፍ ይሻለዋል፤ ቋንቋው በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አይቢኤም በተባለው የኮምፒዩተር ኩባንያ ውስጥ የተፈጠረ ቢሆንም የባንኮች መረጃ ዛሬም የሚጠየቀው በእሱ ነው። ፓይተን ከዚያ ይደርሳል። ኮዱን አሁን ቻትጂፒቲ ይጽፈዋል የሚሉኝ አሉ፤ ይጻፈው፣ የትኛው ሐሰን ሲሚንቶ እንደወሰደ ግን አያውቅም።

አከፋፋዩ ልጅቷን ኮዱን በምን ቋንቋ እንደጻፈችው እስካሁን አልጠየቃትም። የጠየቃት ከጦርነቱ የተረፈውን የ2014 ደብተርም ታስገባለት እንደሆነ ነው።