«ክሬዲቴ ይወርዳል» የሚለው ፍርሃት እያስከፈለን ነው

አሜሪካ የሚኖር ወገናችን መኪና ሊገዛ ሲነሳ ከዘመድ ወዳጅ መጀመሪያ የሚሰማው ምክር «ብዙ ቦታ አታስነካው፣ ክሬዲትህ ይወርዳል» የሚል ነው፤ ብዙ አበዳሪ ፋይልህን እንዲያይ አትፍቀድ ማለት ነው። ምክሩ የሚሰጠው በቅንነት ነው፤ ግን ግማሹ ስህተት ነው። የስህተቱን ዋጋ ደግሞ መኪናው ተከፍሎ እስኪያልቅ በየወሩ እንከፍላለን።

ክሬዲት፣ ማለትም የብድር አከፋፈል ታሪካችን የተመዘገበበት ፋይልና ከእሱ የሚሰላው ነጥብ፣ የሚታየው በሁለት መንገድ ነው። ሰው የራሱን ፋይል ሲከፍት፣ ቀጣሪ የሰውየውን ፈቃድ አግኝቶ ሲያጣራ፣ ወይም የካርድ ኩባንያ ማንም ሳይጠይቀው የማስታወቂያ ደብዳቤ ለመላክ ሲመለከት አንዲት ነጥብ አትቀነስም። ነጥብ የሚነካው ብድር ወይም ካርድ አመልክተን አበዳሪው ሲያየን ነው። እንዲህ ያለው እይታ በፋይላችን ላይ 2 ዓመት ይቆያል፤ ፋይኮ የተባለው የነጥብ ስሌት ግን የሚያስበው የመጨረሻዎቹን 12 ወራት ብቻ ነው። ከ300 እስከ 850 በሚሄደው መለኪያ ላይ አብዛኛውን ሰው የሚያሳጣው ከ5 ነጥብ በታች ነው። ይህን ያህል ለምትሆን ነገር ነው እንግዲህ የምንፈራው።

ለመኪና፣ ለቤትና ለትምህርት ብድር ደግሞ ስሌቱ ራሱ አማርጡ ይላል። በ14 ቀን ውስጥ አምስት አበዳሪ ጋ ብናመለክት እንደ አንድ ጊዜ ነው የሚቆጠረው፤ አዳዲሶቹ ስሌቶች ቀኑን እስከ 45 ያደርሱታል። ለክሬዲት ካርድ ግን ይህ አይሠራም፤ እያንዳንዱ ማመልከቻ ለብቻው ይቆጠራል።

ይህን የማያውቅ ሰው ዲለሩ (መኪና ሻጩ) ጋ ተቀምጦ የቀረበለትን የመጀመሪያ ወለድ ይፈርማል። ዲለሩ ባንኩ በነገረው ወለድ ላይ የራሱን ጨምሮ ማቅረብ እንደሚችል የሚነግረው የለም። የ20,000 ዶላር ብድር በ6 ዓመት ሲከፈል፣ በ8 በመቶ ወለድ ወርሃዊ ክፍያው 351 ዶላር ገደማ ነው፤ በ14 በመቶ 412 ይደርሳል። ሲጠቃለል ከ4,400 ዶላር በላይ ልዩነት አለው። ሌት ተቀን ኡበር ለሚነዳ፣ ከደመወዙ ቀንሶ ለቤተሰብ ለሚልክ ሰው ይህ ምን ያህል ገንዘብ እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ወደ ዲለሩ ከመሄድ በፊት ባንክና ክሬዲት ዩኒየን (የአባላት የቁጠባና ብድር ማኅበር) ጠይቆ፣ የተፈቀደውን ወለድ በወረቀት ይዞ መግባት ድርድሩን ይለውጠዋል።

ነጥቡን በእውነት የሚወስነው ሌላ ነገር ነው። በፋይኮ ስሌት 35 በመቶው ክፍያን በጊዜው መክፈል ነው፤ 30 በመቶው ያለብን የዕዳ መጠን፣ በተለይም ከካርዱ ጣሪያ ምን ያህሉን እንደተጠቀምን ነው። አዲስ ብድር መጠየቅ ጠቅላላ ድርሻው 10 በመቶ ነው። የሚያሳዝነኝ ዕቁብ እዚህ ውስጥ ቦታ የሌለው መሆኑ ነው። አንድ ወር ሳያዛንፍ ለዓመታት ዕቁብ የጣለ ሰው፣ በስሙ ካርድም ብድርም ከሌለ የክሬዲት ታሪክ በሚመዘግቡት ሦስት ኩባንያዎች ዓይን ታሪክ አልባ ነው። ታማኝነቱን ዳኛው፣ ጸሐፊውና ዕቁብተኛው ያውቃሉ፤ ኤኲፋክስ፣ ኤክስፒሪያንና ትራንስዩኒየን ግን አያውቁም። ስለዚህ ገና የመጣ ዘመድ ሲኖረን መያዣ ገንዘብ አስቀምጦ ካርድ እንዲያወጣና በየወሩ ሙሉውን እንዲከፍል ብንመክረው፣ «አታስነካው» ከማለት በብዙ ይጠቅመዋል።

የራስን ፋይል መክፈት ለእኛ የግድ የሚሆንበት ሌላም ምክንያት አለ። ስማችን በእንግሊዝኛ ፊደል አንዱ ወረቀት ላይ በአንድ «ኤስ»፣ ሌላው ላይ በሁለት ይጻፋል፤ የአባት ስም የቤተሰብ ስም ሆኖ ስለሚመዘገብም አንድ ዓይነት ስም ያላቸው ብዙ ናቸው። የሌላ ሰው ዕዳ ፋይላችን ውስጥ ሊገባ፣ የእኛም ታሪክ ሁለት ቦታ ሊከፈል ይችላል። አኑዋል ክሬዲት ሪፖርት ዶት ኮም ላይ የሦስቱንም ኩባንያዎች ሪፖርት በየሳምንቱ በነጻ ማየት ይቻላል።

ብድር ሲከለከሉ የሚመጣውን ደብዳቤም ተናደው አይጣሉት። በ1970 የወጣው የክሬዲት ሪፖርት ሕግ አበዳሪው ሪፖርቱን ከየትኛው ኩባንያ እንዳገኘ እንዲናገር ያስገድደዋል። ከዚያ በ60 ቀን ውስጥ ሪፖርቱን ያለ ክፍያ መጠየቅ መብት ነው። ስህተት ከተገኘና በጽሑፍ ከተቃወምን፣ ኩባንያው አብዛኛውን ጊዜ በ30 ቀን ውስጥ አጣርቶ ማስተካከል ወይም መሰረዝ አለበት፤ ለዚህም አንድ ሳንቲም አይከፈልም።