እርማት፦ ስለ ታርዛን አንደበት
«የድሮዎቹ የጫካ ጀብዱ ኮሚኮች ጀግና ታርዛን የተወለደው በኮሚክ መጽሐፍ ነው፤ ንግግሩም ‹እኔ ታርዛን፣ አንቺ ጄን› ከማለት አያልፍም» ሲሉ ለጻፉት አስተያየት፣ በአክብሮት እርማት ላቀርብ እወዳለሁ፤ አባባሉ በሰፊው የተለመደ ቢሆንም ሁለቱም ክፍሉ ስሕተት ነው።

የታርዛን ፈጣሪ ደራሲ ኤድጋር ራይስ በሮውዝ ታሪኩን መጀመሪያ ያወጣው በአንድ የአሜሪካ መጽሔት ላይ፣ በ1912 እ.ኤ.አ. ነው። ሃል ፎስተር የሣለው የጋዜጣ ኮሚክ የጀመረው ከ16 ዓመት በላይ ቆይቶ፣ ጃንዋሪ 7 ቀን 1929 ሲሆን፣ በዚያ ኮሚክ ውስጥ የንግግር አረፋ (የገጸ ባሕርያቱ ንግግር የሚጻፍበት ክብ) እንኳ አልነበረም፤ ትረካው ከየሥዕሉ ሥር በሙሉ ዐረፍተ ነገር ይታተም ነበር።

በልቦለዱ ውስጥ፣ በዝንጀሮዎች መካከል ያደገው ታርዛን ከሟች ወላጆቹ ጎጆ ያገኛቸውን ባለሥዕል መጻሕፍት እያገላበጠ፣ ፊደላቱን እንደ ጥቃቅን ነፍሳት እየቆጠረ፣ ሥዕሉን ከቃሉ ጋር እያስተያየ፣ የቋንቋውን ድምፅ ሳይሰማ እንግሊዝኛ ማንበብና መጻፍ ራሱን ያስተምራል። ከሰው ቋንቋዎች መካከል በመጀመሪያ መናገር የቻለው ግን ዳርኖ የተባለ መኮንን ያስተማረውን ፈረንሳይኛ ነው። (በእንግሊዝኛ ተጽፎ አይቶት የማያውቀውን የራሱን ስም እንዴት ሊጽፍ እንደቻለ ደራሲው አጥጋቢ ማብራሪያ የሰጠ አይመስለኝም።)

ያች ዝነኛ ዐረፍተ ነገር በ1932ቱ ፊልም ላይም ቃል በቃል የለችም፤ ታርዛንን ሆኖ የተወነው ጆኒ ዋይስሙለር የፍቅረኛውን የጄንንና የራሱን ደረት በጣቱ እየነካካ ሁለቱን ስሞች ብቻ ይደጋግማል። ይሁንና አንደበቱ የተቆራረጠው ታርዛን የሲኒማው እንጂ የፎስተር ኮሚክ ልጅ አይደለም።